ጫፉ የታለ?

ሁለት መቶ መርፌ አላት እያሉ ሸጡልኝ፤
ማታ ቤት ገብቼ ስቆጥር አሥራ አንድ ጎደሉብኝ።
የሹራብ ማኅበሩ ፈርሷል፣ ሊቀመንበሩም የለ፤
ለመርፌ ማን ይከሰሳል? ጎደሎው ቀረ እንደጎደለ።

ቧንቧ ውኃ ሰፈር፣ አንዲት የኪራይ ክፍል፤
ጋሪዋን በእጄ ነው የምገፋት፤ መብራት ሄደ መጣ ለሷ ምንም አይደል።
ወደ ቀኝ፦ ሸርር። ወደ ግራ፦ ሸርር።
ሰማንያ ዙር ሲሞላ፣ የኮፍያው አናት ይታሰር።

ክር አልገዛም እኔ። ሰኞ ገበያ ወርጄ ልባሽ ጨርቅ እጎረጉራለሁ፤
ክርኑ የተበላ፣ አንገቱ የላላ ሹራብ እመርጣለሁ፤
ስፌቱን ፈትቼ፣ ጫፉን በጥርሴ ይዤ እተረትራለሁ።
የማን እንደነበር አላውቅም። ክሩ ግን ይናገራል፤
ታጥቦ ተወጥሮም ቢሆን የድሮው ሞገድ ላዩ ላይ ይቀራል።

የእህቴ ልጅ ረምላ ሌላ ማሽን አላት፤
በስልኳ ውስጥ ናት፤ ክር አታውቅ፣ መርፌ አታውቅ፤ ቃል ነው የምታጎርሳት።
“ጦሳን ሹራብ አልብሺው” አለቻት፤ አለበሰችው፣
ጉሙን ደግሞ እንደ ሻርፕ ባንገቱ ጠመጠመችው።
“ባጃጅ ሱፍ ትልበስ” — መጣች፣ ጎማዎቿም ሱፍ፤
“ቦርከናስ?” — ሰማያዊ ክር፣ በኮምቦልቻ መሐል ተተርትሮ ሲያልፍ።
“ጅብ ካልሲ አጥልቆ” — ሣቅን፣ ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ፤
አኩርፌ የጀመርኩት እኔ “ደግሞ እንዲህ በያት” ስል አመሸሁ ያን ማታ።

መጨረሻ ላይ አንድ ኮፍያ አወጣች።
ኧረ ኮፍያ! ዙሪያውን የጦሳ ጫፍ፣ ከሥሩ የከተማው መብራት፣
እያንዳንዷ ዐይን እንደ ጤፍ የደቀቀች። እውነቱን ልናገር? ያዘኝ ቅናት።

ለካ ልካለታለች፤ ባጃጅ ነጂው አበጋዝ በማግስቱ ስልኩን ዘረጋ፤
“እታለም፣ ይሄንኑ ሥሪልኝ፤ ጆሮዬ አለቀ፣ አልከራከርም በዋጋ።”

ሥዕሉን በጣቴ አጎላሁት፤ አንዷን ዐይን ተከተልኩ፣
እዚህ ገባች፣ እዚያ ወጣች ስል፣ ጠፋችኝ። ተመለስኩ።
ሌላዋን ያዝኩ፤ እሷም ከጎረቤቷ ጋር ቀለጠች፤
ሦስተኛዋ ከየትም ሳትመጣ ወደ የትም ሄደች።
“ረምላ፣ ጫፉ የታለ?” “የምኑ?” “የክሩ!
በየት በኩል ጀመሩ፣ በየት ቋጠሩ?”
“ሥዕል እኮ ነው” አለች። እውነቷን ነው፤ ሥዕል ነው።
እኔ ግን የማልተረትረውን ሥራ እንዴት አድርጌ ነው የማምነው?

ደግሞ አሰብኩ፦ ያቺ ማሽን ከባዶማ አትሠራም፤
የስንቱን ሰው ሥራ ተርትራ ይሆናል፤ ስሙን ግን አታነሣም።
ልፈርድባት ፈለግሁ። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን የልባሽ ክምር አየሁት፤
የማንን ክርን፣ የማንን ደረት ስተረትር ባለቤቱን መቼ ጠየቅሁት?

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የጦሳን ጫፍ በእጄ፣ ዐይን በዐይን እየሳብኩ፤
ጎደሎ መርፌ ያለበት ጋ መስመሩ ተሰበረ፤ ስንቴ ልተርትረው? ደከምኩ።
ጦሳ ጎበጠ።
ከሥሩ ያለው የከተማ መብራት ቀለም አልበቃውም፣ ግማሹ ጠፋ፤
እሱ እንኳን እውነት ነው፤ ደሴን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋ።

አበጋዝ መጣ። ኮፍያውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ኮፍያውን አየ።
“አይመሳሰሉም” አለ። “አይመሳሰሉም” አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ።
ውጭ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጁን ሞልቶታል፣
የባጃጇ መብራት የእንቁላል አስኳል መስሎ ይታያል።
ኮፍያውን አጠለቀው። እስከ ጆሮው ሳበው።
መቀሴን አንሥቼ “ቆይ፣ ከኋላህ ጫፏ ወጥታለች” ስለው
“ትሁን” ብሎ ሞተሩን አስነሣ፤ ወደ ፒያሳ ሲታጠፍ ጉሙ ዋጠው።